ማንኪያዋ እንዳታወራ

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ለተከበሩ እትዬ፣

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ፣ በቤተሰቡ ዘንድ ቁንጫ እየተባልኩ የምጠራው፣ የአሥራ አምስት ዓመት ከሰባት ወር ልጅ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ አባባ ለማርቲኒ መጠጥ ልምምድ ብሎ በጨው ውሃ ካስቀመጣቸው የወይራ ፍሬዎች ሦስቱን በልቻለሁ። አራተኛዋንም ነክሼ መልሻታለሁ። የተነከሰችው በኩል ወደ ታች ዞራ ተቀምጣለች፤ ላዩን ላየ ንጹሕ ናት።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ከረሙ? እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው። «ደህና ነው ብለሽ ጻፊ» ስላለኝ ደግሜ እጽፋለሁ፦ ደህና ነው።

ስለ ሲኒማ ቤቱ የሰሙት እውነት ነው፤ ተከፍቷል። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊልም ያጫወቱበት ክፍል ተጠርጎ፣ ተቀብቶ፣ አዲስ ማሽን ገብቶበታል። ባለቤቱ ወጣት ነው። የግራና የቀኝ ካልሲው ተመሳስሎ ስለማያውቅ አባባ «ባለ ካልሲው» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ባለ ካልሲው ድሮ እናንተ ሁለታችሁ የምታደርጉትን ከአባቱ ሰምቷል፤ እርስዎ የስለላ ፊልም ያሳያሉ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ሰው መንገድ ተሻግሮ የአባባ ባር ይገባል፣ አባባ ለፊልሙ የሚሆነውን መጠጥ ይቀዳል፣ እርስዎም ቁልፍዎን ይዘው ከኋላ ደርሰው ይሰድቡታል። ይህን ሊመልስ ነው። አራት ቅዳሜ፣ አራት የድሮ ፊልም፣ ሁሌም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ባንኮኒው ሲኒማው መግቢያ ላይ ቆሟል። መጠጥ መራጩ አባባ ነው። የእኔ ድርሻ የሎሚ ጭማቂና መታዘብ ነው።

አራተኛው ቅዳሜ፣ የካቲት 1፣ የማርቲኒ ቀን ነው። አባባ ፊልሙ ሳይጀመር መድረክ ላይ በገዛ እጁ ያማስላል። እርስዎም መጥተው እንደ ድሮው «ይነቀነቃል እንጂ አይማሰልም» ብለው እንዲከራከሩት ተጋብዘዋል። ሕዝቡ ቀምሶ ድምፅ ይሰጣል።

«በስልክ ለምን አይነግረኝም?» ላሉት፦ ከስምንት ዓመት በፊት በዚሁ በማርቲኒ ነገር ጆሮው ላይ ስልክ ዘግተውበታል። ከዚያ ወዲህ «ስልክ ለሐኪም ነው» ይላል። «ለምን በእጁ አይጽፍም?» ላሉት ደግሞ፦ መነጽሩ ተሰብሯል። ይህን ስጽፍ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ እያነበበ ነው። ግን ተሰብሯል።

የመጋረጃው ቀለም ወይን ጠጅ ነው። በላክሁልዎት ፎቶ ላይ መሃል ለመሃል ተዘርግቶ ይታያል፤ ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም።

የወንድምዎ የልጅ ልጅ
ቁንጫ


ጥር 11፣ እሑድ

ይድረስ ለእትዬ፣

ወንድምሽ ነኝ። መነጽሬ ስለተሰበረ የምትጽፍልኝ ቁንጫ ናት። ከራሷ አንዲት ቃል እንዳትጨምር አስምያታለሁ። (ምያለሁ። በቅንፍ ያለ ግን እንደ ቃል አይቆጠርም።)

የጃንጥላው ፊልም ትናንት ታየ። ረጅም ብርጭቆ፣ ጂን፣ ሎሚና ሶዳ መረጥኩለት። ያ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘንባል፤ ሰው ጉሮሮው ደርቆ ዝናብ ማየት የለበትም። «በረዶው እየተንኳኳ የሰላዮቹን ሹክሹክታ ይረብሻል» ላልሽው፣ በረዶውን ትልልቅ አድርጌ አስቆርጫለሁ። ትልቅ በረዶ ጨዋ ነው፤ የሚንጫጫው ትንሹ ነው። (ወደ እኔ እያየ ነው ያለው።) ሕጌን ታውቂዋለሽ፤ መጠጥ ከከሃዲው ቀድሞ ማለቅ የለበትም። ከሃዲው ሲገለጥ እጅ ላይ አንድ ጉንጭ ካልተረፈ ሰው ድንጋጤውን በምን ይዋጠው? (ከፊት የተቀመጡት ባለ ባርኔጣ ሴትዮ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሰው፣ ከሃዲውን በባዶ ብርጭቆ ተቀበሉት።)

ለሚቀጥለው፣ ለባቡሩ ፊልም፣ ዊስኪ በትንሽ ብርጭቆ ነው፤ ሁለት ጉንጭ ብቻ። አንዱ ባቡሩ ሲነሳ፣ አንዱ ዋሻ ሲገባ። «ኮኛክ ይሻላል» ብለሻል። ኮኛክ ተረጋግቶ የሚጠጣ ነው፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ከሞተው ሰውዬ በቀር የተረጋጋ የለም። ለባለ ሁለት ፓስፖርቱ ፊልም ከታች ቀይ መራራ መጠጥ፣ ከላይ የብርቱካን ጭማቂ፤ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ተደርጎ ይቀዳል። ሰውዬው ለማን እንደሚሠራ እስኪታወቅ ማንም ብርጭቆውን አይነቀንቅም።

«አሁንም በማርቲኒው ግትር ነህ?» ላልሽው፣ አዎን ነኝ። ጂን፣ አንድ ጠብታ ቬርሙት የሚባል ወይን፣ በረዶ፤ ከዚያ አርባ ዙር። ማንኪያዋ የብርጭቆውን ግድግዳ ተደግፋ ትዞራለች እንጂ አታንኳኳም። ማንኪያዋ ካወራች መጠጡ ተበላሽቷል፤ ያማሰለውም ሰው አልቆለታል። መነቅነቅ ለሳል መድኃኒት ነው። የተነቀነቀ ጂን የኩሬ ውሃ ይመስላል።

«ቢያንስ ፈርምልኝ» ብለሻል። ፊርማ የባንክ ነገር ነው፤ ለእህት አይፈረምም። ደህና ነኝ።

ወንድምሽ
(ስለ እሱ ቁንጫ ፈረመች)


ጥር 15፣ ሐሙስ

አንቺ ቁንጫ፣

ይህን በሲኒማው ትኬት መስኮት በኩል የላክሁት ወንድሜ ማሙሽ እንዳያየው ነው። ከእንግዲህ በዚያው እንጻጻፍ።

ማሙሽን ሰባ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ። ስሙን መጻፍ የተማረ ዕለት በሩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የአባታችን ነጭ ጫማ ላይ ሳይቀር ፈርሟል። ለጫማው ተገርፎ፣ እያለቀሰ የተገረፈበት አለንጋ ላይም ፈርሟል። እንደዚያ ያለ ሰው «ስለ እሱ ቁንጫ ፈረመች» አያሰኝም።

ልጄ፣ ፊልም ተቆርጦ ሲቀጠል፣ አንዲት ቅንጣት ስትዘል፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜም አውቃለሁ። ደብዳቤያችሁ ይዘላል። የተቆረጠውን ቁራጭ ላኪልኝ።

አለዚያ የበላሻቸውን ወይራዎች ለማሙሽ እጽፍለታለሁ። የተነከሰችዋን ጨምሬ።

ፊደልሽን አሳድጊ ብዬሽ ነበር። ያለፈውን ደብዳቤ ቁንጫ ናት የጻፈችው ወይስ ጉንዳን? ደግሞ ፎቶ አትላኪ። የሰዉን ፊት በቃል ንገሪኝ፤ ማን ሳቀ፣ ማን አንቀላፋ፣ ማን ባሏን በክርኗ ጎሸመች።

እትዬሽ


ጥር 18፣ እሑድ

እትዬ፣

ፊደሎቼ አደጉ? እያንዳንዷ «ሀ» አሁን በር ታክላለች። የእርስዎ ፊደሎችም ቢሆኑ ለማስታወቂያ ሰሌዳ የተጻፉ ነው የሚመስሉት፤ መስመራቸውም ዳገት ይወጣል። አስተማሪዬ «ይህ ጽሑፍ በዘር ነው ወይ የመጣብሽ?» ያለችኝ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ትናንት ዊስኪውን ለዋሻው አቆዩት። ባቡሩ ዋሻ ሲገባ ጨለጡና ባላቸውን በክርናቸው ጎሸሙ። ባልየው አንቀላፍተው ስለነበር «ደረስን?» አሉ። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ።

በወይራ አስፈራርቶ ምስጢር ማስወጣት በፊልም እንኳ አላየሁም። እሺ ይሁን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላልና፣ እርስዎ ዘንድ ይቅር።

የአባባ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከክረምት ጀምሮ ነው። ጭኑ ላይ ሲያሳርፈው ይብስበታል፤ የማይታይ ሰው በክር የሚጎትተው ይመስላል። እማዬ ፋርማሲ ስለምትሠራ ቀድማ የነቃችው እሷ ናት። ሐኪሙ «አይገድልም፤ ወደ ድሮውም አይመለስም» አለ። ክኒን አለው፤ ትንሽ ያለዝበዋል እንጂ አያስቆመውም። መነጽሩ ፍጹም ጤነኛ ነው።

በየጠዋቱ እኔ ለትምህርት ቤት ስለብስ አባባ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል። ትልቁን ብርጭቆ ውሃና በረዶ ሞልቶ ረጅሟን ማንኪያ ያዞራል። እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ (ማየት ብቻ ነው፤ ስለላ አይባልም)። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። አሥራ አንድ ላይ ማንኪያዋ ታወራለች። ቅጭል! ይደፋውና ከአንድ ይጀምራል። አሥራ አንድ፣ ቅጭል! ከአሥራ አንድ አልፎ አያውቅም።

እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም አልጠረጠረውም። እጁን ኪሱ ከትቶ ስለ መጠጡ ያብራራል፣ የባለ ካልሲው ሠራተኞች ይቀዳሉ። ሰው «እንዴት ያለ ኩሩ ሽማግሌ ነው!» ይላል። የካቲት 1 ግን ኪስ አያድነውም። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «አርባ ዙር፣ በጌታው እጅ» ይላል።

«ይቅርብህ» አልኩት። «ከቀረሁ ይጠይቃሉ፣ ከሄድኩ ያያሉ» አለኝ። «ታዲያ የቱ ይሻልሃል?» ስለው «አንቺን ለሌላ ቤተሰብ መስጠት» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወና «ስሚ ቁንጫ፣ ማንኪያዋ ሰው ፊት ካወራች ሁለተኛ ባንኮኒ ኋላ አልቆምም። ከቤትም አልወጣም» አለኝ። አባባ የማያደርገውን ብዙ ይናገራል፤ ይህን ሲል ግን ፊቱ ላይ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ቅዳሜን ሲጠብቅ እንደ ልጅ ጫማውን አስቀድሞ የሚወለውል ሰው ነው። ያ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ እንዲቀር አልፈልግም። ምን ይሻላል? እኔ ነገርኩዎት ግን አይበሉ።

ቁንጫ፣ ምስጢር አባካኟ


ጥር 22፣ ሐሙስ

ይድረስ ለእትዬ፣

ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። (እሱ ቆሞ ነው የሚያስጽፈኝ።)

አርባ ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ። ማርቲኒ ይነቀነቃል። (ብዕሬ ወደቀ። «አንሺው» አለኝ። አነሳሁት።)

አንድ ጊዜ የድሮው ባሬ ባንኮኒ ላይ ተደግፈሽ «በስለላ ፊልም ውስጥ ምን የጠራ ነገር አለና ነው መጠጡ የሚጠራው?» ብለሽኝ ነበር። ያኔ ደንበኞቹ ሁሉ ሲስቁ እኔ ተናድጄ ብርጭቆ መወልወል ጀመርኩ። ሰሞኑን ሳስበው ግን እውነት አለሽ። ሰላይ የሚጠጣው መደፍረስ አለበት። ደግሞ የተነቀነቀ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ላዩ ላይ የሚቀረው ስባሪ በረዶም ያምራል።

ስለዚህ በየካቲት 1 የምይዘው ማንኪያ ሳይሆን ሼከሩን ነው። መጥተሽ ድልሽን ተረከቢ።

ወንድምሽ
(ስለ እሱ ቁንጫ ፈረመች። ፖስታውንም እኔው ስለማሽግ ይህን ልጨምር፦ ክዳን ያለው የብረት ኩባያ ይዞ ሲነቀንቅ፣ የትኛው መንቀጥቀጥ የእጁ፣ የትኛው የሙያው እንደሆነ ማን ይለያል? ይህን አላስጻፈኝም። ግን ሼከሩን ከቁም ሣጥን ያወጣው ትናንት ነው።)


ጥር 22፣ ሐሙስ

ማሙሽ፣

ይህን ደብዳቤ አስቀምጠው፤ ዳግመኛ አታገኝም። ተሸንፌያለሁ። ማርቲኒ ይማሰላል።

ትናንት ሁለቱንም ዓይነት ሠርቼ ቀመስኳቸው። የተነቀነቀው አፍ ውስጥ ሲገባ ይጮኻል። የተማሰለው እንደ ሐር ይወርዳል። ይህን ለማወቅ አርባ ዓመት ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም አንተ ልክ ትሆናለህ ብሎ ማሰብ ለታላቅ እህት ከባድ ነው።

የሠራሁት ጥፋት ቅጣት ይፈልጋል። ስለዚህ የካቲት 1 አርባውን ዙር በሰው ፊት የማዞረው እኔ ነኝ። አንተ ማንኪያውን አትነካም። አጠገቤ ቆመህ ትቆጥራለህ። ጌታ ያዝዛል እንጂ አያማስልም። በዚህ ካልተስማማህ አልመጣም።

ታላቅህ (በአንድ ዓመት ከሦስት ወር)


ጥር 25፣ እሑድ

እትዬ፣

ምን አደረጉ? ምን አደረጋችሁ? ደብዳቤዎቻችሁ መንገድ ላይ ተላልፈዋል! ሁለታችሁም ተነስታችሁ አንዳችሁ ወደ ሌላችሁ ቤት ሄዳችሁ፣ ሁለቱም ቤት ባዶ የቀረ ያህል ነው። አርባ ዓመት የተከራከራችሁበት ነገር በአንድ ሐሙስ ቦታ ተለዋወጠ። አባባ አሁን «ይነቀነቃል» ባይ ነው፤ እርስዎ «ይማሰላል» ባይ። ማን ማንን ሊያሳምን ነው የሚመጡት?

አባባ የእርስዎን ደብዳቤ ትናንት ጠዋት አነበበ። መጀመሪያ «ይህች ሴትዮ ታማለች እንዴ?» አለ። ሁለተኛ ጊዜ አነበበና «በሰባ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተሸነፍኩ ብላ አታውቅም» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ካነበበ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ነገራት?»

በጠራራ ፀሐይ የጠረጴዛውን መብራት አብርቶ ፊቴ ላይ አዞረው። እናንተ ያሳያችሁት ፊልም ሁሉ እዚህ ቤት መዘዝ አለው።

«ስለ ምን?» አልኩ።

«ስለ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ስለማላውቀው ነገር እንዴት ላውቅ እችላለሁ?»

«ቁንጫ፣ የወይራው ጠርሙስ ውስጥ አሥራ ስምንት ነበሩ። ዛሬ ስድስት ናቸው። አንቺ ደግሞ ወይራ የምትበይው ስትደብቂ ነው። ስንት ነገር ደብቀሻል?»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ወይራም አይገባም፤ ይኼው ነው ችግሩ። እማዬ ገብታ «አባባ፣ መብራቱን አጥፋ፤ ልጅቷ ዓይኗ ይጠፋል» ባትል ኖሮ ሁሉን እዘከዝክ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሆነ። አባባ የእርስዎን የድሮ ደብዳቤ፣ የስምንት ዓመቱን፣ ከመሳቢያ አወጣና ከአዲሱ ጎን መስኮቱ ላይ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየ። አንድ ነገር ተናገረ፤ እንዳልነግርዎትም አስማለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። አሁን ሆዴ ውስጥ ምስጢርና አሥራ ሁለት ወይራ አለ፤ የቱ እንደሚያመኝ አላውቅም።

የትናንቱ ባለ ሁለት ፓስፖርት ፊልም አማረ። ቀዩና ብርቱካኑ እስከ መጨረሻ ሳይቀላቀሉ ቆዩ። ከባለ ባርኔጣዋ በቀር፤ እሳቸው ገና ከጅምሩ በጣታቸው አማሰሉት። ባልየው «ከሃዲ!» አሏቸው።

ይመጣሉ አይደል? ቢቀሩ አባባ ብቻውን ነው መድረኩ ላይ የሚወጣው።

ቁንጫ


ጥር 28፣ ረቡዕ

ቁንጫዬ፣

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት በሚገባው አውቶቡስ እመጣለሁ። መናኸሪያ ላይ አንቺ ተቀበይኝ፤ ክንድሽን ስጪኝና «እትዬ ናፈቀችኝ» እያልሽ ተጣብቀሽ ሂጂ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ምስጢር በምስጢር ነው የሚከፈለው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል። ፊልም ማሽን ውስጥ ተይዞ ሲቆም አይተሽ ታውቂያለሽ? መሃሉ ተቃጥሎ ይቦረቦራል፣ ዳር ዳሩ ብቻ ይቀራል። እኔም የማየው እንደዚያ ነው። ደብዳቤዎችሽን በማጉያ መስታወት፣ ፊደል በፊደል ነው የማነባቸው። ያንን ፎቶሽን ይዤዋለሁ፤ ጠርዙ በጣም ያምራል።

ለማሙሽ እንዳትነግሪው። ካወቀ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ። «እሺ እትዬ፣ ልክ ነሽ እትዬ» ማለት ይጀምራል። ማሙሽ የማይከራከረኝ ቀን እኔ አለሁ አልልም።

ክርክሩ እንደተለዋወጠ ይሁን፤ እሱ ይነቅንቅ፣ እኔ ላማስል። ተመልከቺው እስቲ፤ ለመነቅነቅ የረጋ እጅ አያስፈልግም፣ ለማማሰልም ዓይን አያስፈልግም። ማንኪያዋ ዝም ካለች በትክክል እየዞረች ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ ከአንቺ ይሻላል። አርባ ዓመት ተሳስተን የተከራከርነው እያንዳንዳችን ለሌላው የሚሆነውን ይዘን ኖሮ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቸግረኛል፤ ብርጭቆው የት እንደተቀመጠ ማወቅ። እሱን ሳልደናበር ላግኝ እንጂ ሌላውን ለእኔ ተይልኝ።

ወይራ ገዝተሽ ጠርሙሱን ሙዪ።

እትዬሽ


የካቲት 9፣ እሑድ

ውድ እትዬ፣

በሰላም ስለገቡ ደስ ብሎኛል። ጥያቄዎችዎ ደርሰውኛል። እርስዎ መድረኩ ላይ ነበሩ፣ እኔ ግን ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ስለዚህ ያላዩትን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ውጤቱን፣ አባባ አሁንም ስላላመነበት። ቀማሽ ሠላሳ ሦስት ሰው፤ ለተነቀነቀው አሥራ ዘጠኝ፣ ለተማሰለው አሥራ አራት። ባለ ካልሲው ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል። ስለዚህ አባባ አሸነፈ፣ የአባባ ሐሳብ ግን ተሸነፈ። እርስዎ ተሸነፉ፣ የእርስዎ ሐሳብ ግን አሸነፈ። አባባ ሳምንቱን ሙሉ «ሕዝቡ ምላስ የለውም» እያለ ይበሳጫል። «እኮ አንተን ነው የመረጡህ» ስለው «እኔ መመረጤ አይደል የሚያናድደኝ!» ይለኛል።

አሁን የጠየቁኝን በተራ።

ሲነቀንቅ ምን ይመስል ነበር? ንጉሥ። ሼከሩን በሁለት እጁ ጆሮው አጠገብ አነሳውና በረዶው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ጮኸ። ማንም ምንም አልለየም። ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ «ይሄ ሰውዬ በወጣትነቱ ከበሮ መቺ ነበር» ብለው ለባላቸው ሲነግሩ ሰማሁ።

እርስዎ ተራዎ ደርሶ ወደ ባንኮኒው ሲጠጉ ለምን በጣቱ እንጨቱን ሁለቴ መታ? እኔ ነግሬው እንደሆነ ጠይቀውኛል። አልነገርኩትም፤ በወይራ ይሁንብኝ። መስኮቱ ላይ ደብዳቤዎችዎን ጎን ለጎን ይዞ ባየ ጊዜ ነው ያወቀው። ያኔ ያለው ይህን ነው፦ «ይህች ሴትዮ የምትጽፈውን አታየውም። እንዳወቅኩ ካወቀች ደግሞ መሟገቷን ትተዋለች።» ያስማለኝ በዚህ ነው። መሐላዬን ማፍረሴን አውቃለሁ፤ ግን እርስዎ እሱ እንዳይከፋው፣ እሱ እርስዎ እንዳይከፋዎት፣ ሁለታችሁም በእኔ በኩል ዞራችሁ ስትደባበቁ ድልድዩ እኔ ነኝ። ድልድይም ይደክመዋል። ሁለቴ የመታው ብርጭቆው ያለበትን በጆሮዎ እንዲያገኙት ነው። እጅዎ ቀጥ ብሎ ሄዶ አረፈበት። አዳራሹ ይህን የክርክሩ ሥርዓት መስሎት አጨበጨበ።

ፊቱስ? እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልጻፍ።

መቁጠር ሲጀምር ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ማንኪያዋ ዝም። ዘጠኝ፣ አሥር። አሥራ አንድ ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ በየጠዋቱ ማንኪያዋ የምታወራው እዚያ ላይ መሆኑን የምናውቀው እርስዎ፣ እኔና እማዬ ብቻ ነን። ማንኪያዋ ዝም አለች። አሥራ ሁለት ሲል እጁን ከኪሱ አወጣና ባንኮኒው ላይ፣ ከእርስዎ እጅ ጎን፣ ዘርግቶ አስቀመጠው። በሠላሳ ሦስት ሰው ፊት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁሉም አየ። አልሸሸገውም፣ አልያዘውም። የእርስዎን እጅና የእሱን እጅ እያየ ቆጠረ። ፊቱ ላይ የነበረው፣ እንዴት ልበልዎት፣ ከሃዲው ተገልጦ እጁ ላይ አንድ ጉንጭ የቀረለት ሰው ነው የሚመስለው። ባለ ባርኔጣዋ ብቻ ባዶ ብርጭቆአቸውን ወደ እሱ ከፍ አድርገው መልሰው አስቀመጡት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፦ «እኔ አርባ ሦስት ዙር ቆጥሬያለሁ፤ ጆሮዬ ነው ወይስ እሱ?» ጆሮዎ ልክ ነው። ለአርባ ዓመት «አርባ፣ አንድም አይበልጥም» ሲል የኖረ ሰው አርባ ላይ ደርሶ አላቆመም። አርባ አንድ አለ። አርባ ሁለት አለ። አርባ ሦስት። እርስዎም ዝም ብለው አዞሩ። በረዶው ቀለጠ፣ ማርቲኒው ቀጠነ፤ የተሸነፉት በዚህ ነው። በኋላ «ለምን አላቆምክም?» ስለው «ቁጥር ጠፋብኝ» አለኝ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔም አልቀሰቀስኩትም።

ትናንት እንደገና ሲኒማው ሄደ። እጁ ከኪሱ ውጭ ነበር። ባለ ካልሲው ለሚመጣው ወር አራት ፊልም እንዲመርጥ ለምኖት፣ «እህቴን ሳልጨቃጨቅ አልመርጥም» ብሎታል። ስለዚህ አሁን የምነግርዎትን እንዳልነገርኩዎት አድርገው ይያዙት፤ የመጀመሪያው ፊልም የድልድዩ ነው፣ እሱም ያሰበለት ኮኛክ ነው። እርስዎ ለባቡሩ ያሉትን ኮኛክ! እንዲሰድቡት ሆን ብሎ ነው የመረጠው፤ በተቻለዎት መጠን ቶሎ ብለው «ዊስኪ ነው» ይበሉት፣ ምክንያቱም ከረቡዕ ጀምሮ ፖስታ ሳጥኑን በቀን አራት ጊዜ

ቆይ። ኮቴ ሰማሁ። ወይራው አፌ ውስጥ ነው፣ ብዕሩ እጄ ላይ ነው፣ ጠርሙሱ ክፍት ነው። እትዬ፣ ከጀርባዬ ቆሞ እያነበበ ነው። መነጽሩ ፍጹም ጤነኛ ነው አላልኩም?

«ቁንጫ!» አለኝ። «ብዕሩን ወዲህ በይው። ትልቅ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ እንድታየው።»

ማ ሙ ሽ